የወር ከፍሎ ማን ባስ ይሳፈራል?

ሲያትል ውስጥ ፓርኪንግ ሠርቶ የማያውቅ ሐበሻ ቢገኝ እንኳ፣ ፓርኪንግ የሠራ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ አያጣም። እኔም ዳውንታውን ያለ አንድ የፓርኪንግ ሕንፃ ውስጥ ካሸር ሆኜ ዓመታት ሠርቻለሁ። መውጫው ላይ አንዲት የመስታወት ክፍል አለች። እዚያ ቁጭ ብዬ ቲኬት እቀበላለሁ፣ ሒሳብ እናገራለሁ፣ መልስ እሰጣለሁ፣ ብረቱን አነሣለሁ። ሥራው ለትምህርት ይመቻል ይባል ነበር። መኪና እስኪመጣ ታነባለህ፣ ሲመጣ ቀና ትላለህ። ስንቱ የሐበሻ ልጅ ነርስነቱንም ኢንጂነሪንጉንም ያጠናው እንደዚህ ዓይነት ክፍል ውስጥ ነው።

እኔን ግን ከማንበቡ ይልቅ ሰው ማየቱ ይቀናኝ ነበር። ለዚህ ነው የከተማው መኪና እንዴት ይቀነስ የሚል ወሬ ሲነሣ ዝም ማለት የማልችለው። ሁሉም ስለ ባስና ስለ ባቡር ያወራል። ደግ ነው፤ ባስ ከሌለ የምንሳፈረው የለም። ነገር ግን ባስ በደጁ እያለፈ መኪናውን የሚያስነሣ ሰው ሞልቷል። ይህን ሰው ማነው የያዘው? እኔ እንዳየሁት አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የፓርኪንግ አከፋፈሉ ነው። ዋጋው ራሱ አንድ ነገር ነው፤ አከፋፈሉ ግን ከዋጋው ይብሳል።

ደንበኞቻችን ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንዱ የቀን ከፋይ ነው። ሲገባ ቲኬት ይስባል፣ ሲወጣ ይከፍላል። ሌላው እኛ መንዝሊ የምንለው ነው። በወር አንዴ ይከፍላል፣ ካርዱን ያስነካል፣ ብረቱ ይነሣል፣ ሽው ብሎ ያልፋል። እኔን ቀና ብሎ ላያየኝም ይችላል። (ሁሉንም አልማም። ለገና ቸኮላት የሚያመጡልኝ መንዝሊዎች ነበሩ።)

ለቀን ከፋዩ የማለዳ ዋጋ የሚባል ነገር አለ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ከገባ ቀኑን ሙሉ በቅናሽ ይውላል። 3 ሰዓት ካለፈ ግን በሰዓት ይታሰብና ማታ ላይ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። 3 ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው የሚፈጠረውን ትርምስ ባያችሁት! መኪናው እስከ ዋናው መንገድ ይሰለፋል፣ ጡሩምባው ይጮኻል፣ አንዷ በመስኮት እጇን አውጥታ ቲኬቱን ሳይታተም ልትመነጭቀው ትደርሳለች። ከ3 ሰዓት ሦስት ደቂቃ አሳልፎ የገባው ሰውዬ ደግሞ ማታ ሲወጣ ቲኬቱን እየጠቆመ «መብራት ይዞኝ ነው እኮ» ይለኛል። ማሽን ያተመውን ሰዓት እኔ ምን ላድርገው?

ያ ሰው ተናዶ ይሄዳል። ግን ነገሩን ያስብበታል። በማግስቱ አይመጣም። ከዚያ ወዲያ ሲመጣ «ትናንት በባስ መጣሁ፣ ጋዜጣዬን ጨረስኩ» ይለኛል። የቀን ከፋይ ጠባዩ እንዲህ ነው። በየማለዳው ከራሱ ጋር ሒሳብ ይተሳሰባል። ዝናቡ ካየለ ይነዳል። ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያወጣበት ቀን ከሆነም ይነዳል። አለበለዚያ ይተወዋል።

መንዝሊው ይህን ሒሳብ ወሩ ሲገባ ጨርሶታል።

ከእኔ ጋር የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። አገር ቤት የሒሳብ መምህር ነበሩ። አንድ ቀን ሥራ ሲቀዘቅዝ ቲኬት ገልብጠው ጀርባው ላይ በእርሳስ አሰሉልኝ። በዚያን ጊዜ የእኛ ወርኃዊ 300 ዶላር ገደማ ነው። የማለዳው ዋጋ 16 ዶላር። «300ን ለ16 አካፍዪው» አሉኝ። 19 ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ወሩ ውስጥ ያለው የሥራ ቀን 21 ወይም 22 ነው። «አየሽ ልጄ፣ ይህ ሰው ከሁለት ሦስት ቀን በላይ ከቀረ የከሰረ ይመስለዋል። ስለዚህ አይቀርም። እያስነጠሰውም ቢሆን ይመጣል።»

እውነታቸውን ነበር። የጾም ቡፌ ከፍሎ የገባ ሰው ጠግቦም ሳህኑን ይዞ እንደሚነሣው መሆኑ ነው። ለዚህ ሰው የባስ ካርድ በነፃ ብትሰጡት መሳቢያው ውስጥ ያስቀምጠዋል። ፓርኪንጉ ተከፍሎበታላ! ባስ በተሳፈረ ቁጥር 16 ዶላር የጣለ ይመስለዋል። መኪናውን በነዳ ቁጥር ደግሞ ያተረፈ ይመስለዋል። የወር ከፍሎ ማን ባስ ይሳፈራል?

የባሰው ደግሞ ፓርኪንጉን መሥሪያ ቤቱ የሚከፍልለት ነው። ለእሱ ጭራሽ ዋጋ የሚባል ነገር የለም። እዚህ ላይ ሎስ አንጀለስ ባለው ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ዶናልድ ሹፕ ያጠኑትን ሳላነሣ አላልፍም። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1992 አንድ ሕግ አወጣች። ለሠራተኛው ፓርኪንግ ተከራይቶ በነፃ የሚሰጥ አሠሪ፣ «ፓርኪንጉን አልፈልግም፣ ገንዘቡን ስጡኝ» ለሚለው ሠራተኛ ጥሬ ገንዘቡን ይስጥ የሚል ነው። ሹፕ በሎስ አንጀለስ አካባቢ ይህን የተገበሩ ስምንት ድርጅቶችን አዩ። ብቻውን እየነዳ የሚመጣው ሠራተኛ ከመቶ 76 ወደ 63 ወረደ። ልብ በሉ፣ ቦታው ሎስ አንጀለስ ነው። ባሱም ያው፣ መንገዱም ያው። ማንም ምንም አልተከለከለም። ፓርኪንጉን የፈለገ እንደያዘ ቀጠለ። ለሰዉ የታየው አዲስ ነገር ያ ነፃ የመሰለው ቦታ ለካስ ገንዘብ መሆኑ ብቻ ነው።

ወደ ሲያትል ልመለስ። እዚህም ነገሩ የቆየ ነው። ሲያትል ያለችበት የዋሽንግተን ግዛት በ1991 ያወጣው ሕግ አለ። በአንድ የሥራ ቦታ 100 እና ከዚያ በላይ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ኖሮት፣ እነዚያ ሠራተኞች ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ሥራ የሚገቡ ከሆነ፣ ድርጅቱ ብቻውን ነድቶ የሚመጣውን ሠራተኛ ለመቀነስ ዕቅድ ማውጣት አለበት። በዚያው ዓመት የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ዩ-ፓስ የሚባለውን የባስ ካርድ ጀመረ። ካርዱን ለተማሪና ለሠራተኛ በርካሽ ሲሰጥ የግቢውን ፓርኪንግ ዋጋ ደግሞ ከፍ አደረገ። ሁለቱን በአንድ ላይ ማድረጉ ነው ብልሃቱ። ካርዱን ብቻ ቢሰጥ ድሮም ባስ የሚሳፈረው ተማሪ ይደሰት ነበር፤ ነጂው ግን ከመኪናው አይወርድም። ፓርኪንጉን ብቻ ቢያስወድድ ደግሞ ሰልፍ ይወጣበት ነበር።

ኦርካ የምትባለው የባስና የባቡር መሳፈሪያ ካርድ በ2009 መጣች። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ባቡሩ በእኛ ሰፈር፣ በሬኒየር ቫሊ በኩል ማለፍ ጀመረ። ትልልቆቹ ድርጅቶች ለሠራተኛቸው በሙሉ ኦርካ ይገዙ ጀመር። ሰማያዊዋን ካርድ አንገቱ ላይ ከመታወቂያው ጋር ያንጠለጠለ ሰው መንገዱን ሞላው። ዳውንታውን የሥራው ብዛት በአስር ሺዎች እየጨመረ፣ ሕንፃው ላይ ሕንፃ እየተደረበ፣ ጠዋት ብቻውን ነድቶ የሚመጣው ሰው ግን በ2010 ከነበረበት ከመቶ 35 በ2017 ወደ 25 ወረደ። ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሠራተኛ በባስና በባቡር ነበር የሚመጣው። በአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ዘመን ብዙም አይታይም ነበር።

በእኛ መስኮት በኩል ይህ እንዴት ታየ መሰላችሁ? ሦስተኛውና አራተኛው ፎቅ ቀስ በቀስ እየሳሳ መጣ። አለቃችን «ሰዉ የት ገባ?» ይል ነበር። ጋሼ በአማርኛ «ሦስተኛ አቬኑ ላይ ውረድና እየው» ይሉና ለእኛ ጥቅሻ ይሰጡናል። ሦስተኛ አቬኑ ከ2018 ጀምሮ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት የባስ ብቻ መንገድ ሆኗል። መኪና ቢበዛ አንድ ብሎክ ሄዶ መታጠፍ አለበት። ባሱ ደግሞ እንደ ባቡር ተቀጣጥሎ ይሄዳል።

ከሁሉም የማልረሳው የጥር 2019ን ሰሞን ነው። የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ የሚሄደው ፎቅ መንገድ፣ ቪያደክቱ፣ ጥር 11 ቀን ተዘጋ። በቀን 90,000 ያህል መኪና የሚያስተናግድ መንገድ ነው። አዲሱ የምድር ውስጥ መንገድ እስከ የካቲት 4 አልተከፈተም። ቴሌቪዥኑ የዓለም መጨረሻ የደረሰ አስመሰለው። እኛም እንዴት ወደ ሥራ እንደምንገባ ጨንቆን ነበር። የፈራነው ያህል አልሆነም። ሰዉ ግማሹ ከቤት ሠራ፣ ግማሹ ባስ ያዘ፣ ሌላው ሰዓቱን ቀየረ። እኔ ግን ዓይኔ መስኮቴ ላይ ነበር። የቀን ከፋዮቹ እንደ ጤዛ ጠፉ። 3 ሰዓት ሊሞላ ሲል የነበረው ትርምስ ቀርቶ ቡናዬን ሳይቀዘቅዝ ጠጣሁ። መንዝሊዎቹስ? መጡ። ከቤታቸው ጨለማ ሳይለቅ ወጥተው፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ካርዳቸውን አስነክተው ገቡ። ጋሼ «አላልኩሽም?» አሉኝ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት እኔ ራሴ በመኪና ነበር ሥራ የምሄደው። ቤቴ ኦቴሎ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው፣ በእግር ብዙም አይርቅም። ታዲያ ምን ሆኜ? ድርጅቱ ለሠራተኛው ላይኛው ፎቅ ላይ በነፃ ያስቆመን ነበር። የባስ ካርድ ግን አይሰጥም። ሕጉ የሚመለከተው 100 ሠራተኛ በአንድ ቦታ ያለውን ነው፤ እኛ ደግሞ በየሕንፃው አራት አምስት ሆነን የተበተንን ነን። አንድ ጊዜ ለሱፐርቫይዘሩ ለምን ኦርካ አትገዙልንም ብለነው «ነፃ ፓርኪንግ እያላችሁ?» አለን። ነገሩ ፓርኪንግ የሚሸጥ ድርጅት ነውና አልፈረድኩበትም። እኛም ባስ ብንይዝ በወር ወደ መቶ ዶላር ከኪሳችን ይወጣል፤ ብንነዳ ግን ፓርኪንጉ ዜሮ ነው። ነዳን።

ኮቪድ መጣ። ሕንፃው ባዶውን ቀረ። የእኔም ክፍል በማሽን ተተካች። እኔ ፈርስት ሂል ላይ ያለ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ አገኘሁ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ነገር ነገሩኝ። ኦርካ ካርድ በነፃ ይሰጥሻል። ፓርኪንግ ከፈለግሽ ደግሞ መታወቂያሽን አስነክተሽ ትገቢያለሽ፣ የገባሽበት ቀን ብቻ ተቆጥሮ ከደመወዝሽ ይቆረጣል። ወርኃዊ የሚባል የለም።

ሳቄ መጣ። ጋሼን አስታወስኳቸው።

በሁለተኛው ደመወዜ ላይ የፓርኪንጉን ቁራጭ ሳይ፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ሳይመክረኝ መኪናዬ ቤት መዋል ጀመረች። ከኦቴሎ ባቡር እይዛለሁ፣ ዳውንታውን እወርዳለሁ፣ ማዲሰን የሚባለው መንገድ ላይ ጂ የምትባለዋን ባስ ይዤ ዳገቱን እወጣለሁ። ጂ በመስከረም 2024 ነው የጀመረችው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቀን ቀን በየስድስት ደቂቃው ትመጣለች። ሰዓት አይቼ አልወጣም። ያመለጠችኝን ባስ እያየሁ እንኳ አልሮጥም። ባስ ሲዘገይ ካርድ ብቻውን ምን ዋጋ አለው የሚለው ክርክር እዚህ ጋ ልክ ነው። ካርዱ ሰውን አንድ ጊዜ ያሳፍረዋል፤ በማግስቱ የሚመልሰው የባሱ ቶሎ መምጣት ነው።

ይህን አሠራር የእኛ ሆስፒታል አልፈጠረውም። በዚህ ከተማ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ሲያትል ችልድረንስ ሆስፒታል ነው። በ1995 ከሠራተኛው ከመቶ 73ቱ ብቻውን እየነዳ ነበር የሚመጣው። የቀን ክፍያ አደረጉት፤ ለማይነዳው ደግሞ በመጣበት ቀን ልክ ገንዘብ ይሰጡት ጀመር። ቁጥሩ ከ40 በታች ወረደ። ሕንፃ ለማስፋፋት ሲያስቡ ለፓርኪንግ የሚወጣውን ገንዘብ ቢያሰሉት፣ ለሠራተኛው እየከፈሉ ባስ ማሳፈሩ አዋጣቸው። ጌትስ ፋውንዴሽንም ፓርኪንጉን በቀን ነው የሚያስከፍለው። ሁለቱም ሠራተኛውን የመንዳት መብቱን አልነኩትም። የፈለገ ማክሰኞን ይነዳል፣ ረቡዕን ይተወዋል።

ኮቪድ ካለፈ በኋላ ይህ ነገር ሳይታወጅ በየቦታው ሆኗል። ቢሮው በሳምንት ሦስት ቀን ሆነ። በሳምንት ሦስት ቀን ለሚመጣ ሰው ደግሞ ወርኃዊ አያዋጣም፤ የጋሼ ሒሳብ ተገለበጠ። አሁንም ፓርኪንግ የሚሠሩ ጓደኞቼ መንዝሊው እንደ ድሮው እንዳልሆነ ይነግሩኛል። ማክሰኞና ረቡዕ ይሞላል፣ ዓርብ ባዶ ነው።

ስለ መንገድ ዳር ፓርኪንግም በአጭሩ። ከተማው ዋጋውን በግምት አይቆልልም። በየብሎኩ አንድ ሁለት ቦታ ክፍት እንዲገኝ ነው ዓላማው። ሁልጊዜ የሚሞላበት ሰፈር ዋጋው ይጨምራል፣ ባዶ የሚውለው ይቀንሳል፤ ጠዋትና ማታም ይለያያል። የእኛ ሰው «ዘረፋ ነው» ይላል። እኔ ግን ቦታ ፍለጋ ብሎኩን ሲዞር የሚውለውን መኪና ከመስኮቴ ሳየው ኖሬያለሁ። አንዱን ቀይ ቶዮታ ሦስቴ አራቴ ሳየው ከሩቅ ሰላም ልለው ይዳዳኝ ነበር። ያ ሁሉ መኪና መንገድ የሚያጨናንቀው የሚሄድበት ስላለው አይደለም። ደርሷል፤ ማቆሚያ አጥቶ ነው።

ነፃ ፓርኪንግ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ወደ ተክዊላ ኢንተርናሽናል ቡለቫርድ ባቡር ጣቢያ ይሂድ። 600 ያህል ቦታ አለ፣ ነፃ ነው፣ በማለዳ ይሞላል። ዘግይቶ ለሚገባ ሠራተኛ አይደርሰውም። በሬኒየር ቫሊ ጣቢያዎች ግን ሆን ተብሎ ፓርኪንግ አልተሠራም። ባቡሩ ሲመጣ በጣቢያዎቹ ዙሪያ ያሉት መንገዶች የነዋሪ ፈቃድ ተደረገባቸው። መጀመሪያ ሰፈሩ አጉረመረመ፣ እኔም ጭምር። አሁን የሌላ ከተማ ሰው በደጄ መኪናውን ትቶ ባቡር አይሳፈርም።

የማይዋጥልኝ ነገር ግን አለ። የፌዴራሉ መንግሥት ከታክስ ነፃ የሚያደርገው የትራንስፖርት ጥቅም አለ። በ2014 ለፓርኪንግ በወር እስከ 250 ዶላር ሲፈቅድ ለባስና ለባቡር የፈቀደው 130 ብቻ ነበር። ለሚነዳው ድጎማው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በ2015 መጨረሻ እኩል አደረጉት፤ በ2025 ሁለቱም 325 ነበሩ። እኩል መሆኑ ጥሩ ነው። ግን ቢሮው ጥሩ የሆነለት ሰው ሁለቱንም ያገኛል፣ ዕቃ የሚያጥበውና ሕንፃ የሚያጸዳው ሰው ብዙ ጊዜ አንዱንም አያገኝም። የ1991ዱ ሕግ የሚያየው ከጠዋቱ 12 እስከ 3 የሚገባውን ነው። ቢሮ የሚያጸዱት እናቶቻችን የሚገቡት እኮ ያ ሰው ሲወጣ ነው።

እኔም የማታ ፈረቃ ሲደርሰኝ እነዳለሁ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቼ፣ ባስ ጠብቄ፣ ዳውንታውን ላይ ባቡር ልቀይር? አላደርገውም። ባቡሩ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ይሠራል፣ ግን ጣቢያው ላይ ብቻዬን መቆም አልወድም። የቀን ክፍያው ጥሩነቱ ይኸው ነው። ለእነዚያ ቀናት እከፍላለሁ፣ ለሌሎቹ አልከፍልም። ለማታ ፈረቃ ሠራተኛ ክፍያውን ቢቀንሱልን ደግሞ የበለጠ ፍትሕ ነበር። በስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ተናግሬያለሁ። «እናየዋለን» ተብያለሁ።

እሑድስ? ስለ እሑድ አትጠይቁኝ። ለቅሶው ኬንት፣ ክርስትናው ሊንዉድ፣ ሰንበቴው ሌላ ቦታ። ድስት ሙሉ ዶሮ ወጥ ይዤ ባስ ውስጥ አልገባም። አንድ ቀን ሞክራ ወጡ ሹፌሩ ድረስ የሸተተባት ጓደኛ አለችኝ፤ «ምሳ ጋብዘኝ ሊለኝ ምንም አልቀረውም» ብላ እስካሁን ትስቃለች። እኛ መኪናችንን የምንሸጥ ሰዎች አይደለንም። ደግሞም አያስፈልግም። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ በባቡር ሥራ እንደምሄድ ስነግራት «ምነው፣ መኪናሽ ተበላሸች?» ብላ ደንግጣ ነበር። አልተበላሸችም። የማታ ፈረቃ ካልደረሰኝ ከሰኞ እስከ ዓርብ ዐርፋ ትውላለች፣ ኢንሹራንሱም በሚነዳው ልክ ተቀነሰልኝ።

ሲያትልና አካባቢው ላላችሁ፣ ብዙ ሰው ሳያውቃቸው የሚቀሩ ነገሮች አሉ። የቤተሰብ ገቢያችሁ ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ ከእጥፉ የማይበልጥ ከሆነ ኦርካ ሊፍት አለላችሁ። ከ2015 ጀምሮ ያለ ነው። ባሱ ለሌላው ሰው ከመስከረም 2025 ጀምሮ 3 ዶላር ሲሆን በሊፍት 1 ዶላር ነው። አፕል ኸልዝ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው ግዛቱ የሚሰጠው የጤና መድን) ወይም የምግብ እርዳታ ካላችሁ እሱኑ ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ፤ ደመወዝ መቁጠር ውስጥ አትገቡም። ገቢያችሁ ከዚያም በጣም ካነሰና በመንግሥት እርዳታ ውስጥ ካላችሁ ጭራሽ በነፃ የሚሰጥ የዓመት ካርድ አለ። ልጆች ከ2022 ጀምሮ እስከ 18 ዓመታቸው በነፃ ይሳፈራሉ። ለልጁ የሚከፍል ወላጅ አሁንም አጋጥሞኛል።

ከተማው ውስጥ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው የግል ድርጅት ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ፣ የባስና የባቡር ወጪያችሁ ከታክስ በፊት ከደመወዝ እንዲቆረጥላችሁ አሠሪው የማመቻቸት ግዴታ አለበት። ከጥር 2020 ጀምሮ የከተማው ሕግ ነው። ሱፐርቫይዘር ብዙ ጊዜ አያውቀውም፣ ስለዚህ እሱን አትጠይቁ። ኤችአር፣ ማለትም የሠራተኛ አስተዳደር ክፍሉ ጋ ሂዱና «ፕሪ ታክስ ትራንዚት» በሉ፣ በኢሜይል ቢሆን ይሻላል። እግረ መንገዳችሁን ፓርኪንጉን በወር ነው በቀን የሚያስከፍሉት ብላችሁ ጠይቁልኝ።